ያዥ

መታወቂያዬ ላይ «ገንዘብ ያዥ» ይላል፤
ሌላ የምይዘውን ማን ጠይቆኝ ያውቃል?
ፖስታ ቤት፣ መስኮት አምስት፣ ከመስታወት ኋላ፣
አንዱን ጉልበት ጥዬ ከላዩ ላይ ሌላ፣
ደረሰኝ እቆርጣለሁ፣ ብር እቆጥራለሁ፣
ከእምብርቴ በታች ግን ፍም ይዤ እውላለሁ።

ይህችን መሀል ከተማ በሐውልት አላውቃት፤
ቁልፍ በታሰረበት እንጨት ነው የምለያት።
ብሔራዊ ጀርባ፦ አምስት ብር፣ ሶፍት የለም።
ለገሃር፦ ውሃ የለም።
አምባሳደር፦ ቁልፉ ያለው ሱሪ ሰፊው ዘንድ ነው፣
እሱ ደግሞ ከዐሥራ አንድ ሰዓት በኋላ አይገኝም።
ሜክሲኮ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ሁለቴ ተራዬን ጥዬ ሮጫለሁ፣
ሁለቴ ከጅራቱ ጀምሬያለሁ።
ፒያሳ ያቺ ኬክ ቤት በዶዘር ስትፈርስ፣
ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ለትዝታው ሲያለቅስ፣
እኔ ያነባሁት ለጓሮዋ ነበር፣
ለዚያች ለማትቆለፍ፣ ለዚያች ጠባብ በር።

«ብርድ ነው» አለችኝ ዘውድነሽ ከመስኮት አራት፣
«ሲሚንቶ ላይ ተቀምጠሽ ነው፣ ያውም በክረምት።»
«ኢንፌክሽን ነው» አለ የፋርማሲው ልጅ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ።
ባሌ ምንም አላለም። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።
ስድስት ዓመት ኪኒን ዋጥሁ፣
ስድስት ዓመት ላቦራቶሪው «ንጹሕ» የሚል ማኅተም መታልኝ።
ንጹሕ!
ታዲያ ሌሊት ዐሥሬ የሚቀሰቅሰኝ፣
ምላጭ ይመስል በቀጭኑ የሚፍቀኝ ማነው?

ሽቅብ፣ ጥቁር አንበሳ። ቀጭን ቱቦ፣ ቀስ ያለ ውሃ።
«ሲሰማሽ ንገሪኝ» አለ ዶክተር ኅሩይ።
ግማሽ ብርጭቆ ሳይደርስ ነገርኩት።
«በይ አሁን ልቀቂው።»
ገፋሁ። ጠብታ። ደግሞ ጠብታ። ከዚያ ዝም።
ስክሪኑ ላይ ግን መስመሩ እንጦጦን አከለ።
«ፊኛሽማ ይገፋል» አለ፣ «በሩ ነው እንቢ ያለው፤
ከሥር የተዘረጋው ጡንቻ መላላት ረስቷል።»

ፊኛ ሲል ሌላ ፊኛ ትዝ አለኝ፦
ለእንቁጣጣሽ የተገዛልኝ ቀይ፣
እንዳይበር ብዬ ክሩን በጣቴ ጠምጥሜ
ጣቴ እስኪጠቁር ይዤው ያደርኩ።
ጠዋት ፊኛው ተንፍሶ ነበር።
ጣቴ ግን አልተፈታም።

መርየማ፣ ፊዚዮቴራፒስቷ፣ እጇን አሙቃ መጣች።
«ጠበቅ አድርጊ» የምትለኝ መስሎኝ ነበር፣
ለአራስ እንደሚባለው።
«አይ» አለች፣ «አንቺስ ድሮም ጨብጠሻል።»
የመሥሪያ ቤታችንን ዘበኛ አሰብኩ፣ ጋሽ ጎንፋን፣
በእንቅልፉም መቀርቀሪያውን የማይለቀውን፣
ሥራ አስኪያጁ ሊወጣ ቢያንኳኳ
«ማነህ?» የሚለውን።

«ማን አስተማረሽ?»
ማን ያላስተማረኝ!
«ያዥ» አለች እናቴ፤ ግቢው ጨለማ፣
ለስምንት አባወራ አንድ ሽንት ቤት፣ እሱም በውሻው በኩል።
«ያዥ» አለ መምህሩ፣ ደወሉ ገና ነው።
አለቃዬ እንኳ አላለኝም፤ ሰልፉን በአገጩ አሳየኝ።
ያዝኩ፣ ያዝኩና መያዜ ያዘኝ፣
መያዝ ማዕረግ ሆኖ መታወቂያ ወጣልኝ።

ቃጠሎው አልሄደም።
ብሔራዊ ጀርባ ያለችው ልጅ ዛሬም ገና ሳልደርስ
ዝርዝር ታዘጋጅልኛለች።
ግን ማታ ማታ ምንጣፍ ላይ ተንጋልዬ፣
ጥርሴን ከጥርሴ አላቅቄ፣
ትንፋሼን ወደ ታች እሰዳለሁ፤
አንዳንዴ፣ ሦስት እስክቆጥር ያህል፣
አንድ ነገር እዚያ ጨለማ ውስጥ ቡጢውን ይፈታል።

ትናንት ሒሳብ ስዘጋ አምስት ብር ጎደለ።
በዐሥራ አንድ ዓመት ጎድሎብኝ አያውቅም።
«እንደገና ቁጠሪ እንጂ» አለች ዘውድነሽ።
ጉልበቴን ከጉልበቴ አወረድኩ።
«ይጉደል» አልኳት።